ድሮንና የጥንት ከተሞች፦ ካርታው እንዴት ይሠራል? ማንስ ያረጋግጠዋል?

 

ድሮን የሚለውን ቃል ስንሰማ አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታሰበን ጦርነት ነው። ሀገራችን ካለፈችበት ነገር አንጻር ይህ አይገርምም። የሠርግ ቪዲዮ ትዝ የሚለንም አለን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ግን ብዙም የማይወራለትን ሦስተኛ ሥራውን ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በድሮን የጥንት ከተሞችን፣ መስጂዶችንና መቃብሮችን ይቀይሳሉ፣ ካርታም ያነሳሉ። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች በመሆናችን መጀመሪያ የሳበን መሣሪያው ነበር። ነገሩን እየተከታተልን ስንሄድ ግን ከመሣሪያው የሚበልጥ ጥያቄ አገኘን፤ ከሰማይ የተነሳውን ካርታ እውነት ነው ብሎ የሚመሰክርለት ማን ነው?

በተራራ ላይ የጠፉ ሁለት ከተሞች

በምሳሌ እንጀምር። ኡዝቤኪስታን ሲባል ሳምርካንድና ቡኻራ ይታወሱናል። መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ የኢማም አል-ቡኻሪን ስም በጠራን ቁጥር የተወለዱባትን ከተማ አብረን እንጠራለን። እነዚህ ከተሞች የተመሠረቱት ውሃና እርሻ ባለበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከፍ ያለው ተራራ ግን ለረጅም ጊዜ የእረኞች መተላለፊያ ብቻ ተደርጎ ሲታሰብ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሴንት ሉዊስ የሚሠሩት ማይክል ፍራኬቲና የኡዝቤኪስታኑ አርኪዮሎጂስት ፋርሆድ ማክሱዶቭ የሚመሩት ቡድን ማልጉዛር በሚባሉት ተራሮች ላይ ታሽቡላቅ የተባለችውን ጥንታዊ ከተማ አገኘ። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አያንስም። በዚያ ሰፊ የመቃብር ቦታ ተገኘ። አስከሬኖቹ በእስልምና ሥርዓት የተቀበሩ ናቸው። በአካባቢው ከሚታወቁት ቀደምት የሙስሊም መቃብሮች አንዱ መሆኑ ነው። ያን የሚያህል መቃብር ደግሞ ከአንዲት ትንሽ መንደር የሚጠበቅ አይደለም።

ሁለተኛዋ ከተማ የተገኘችበት መንገድ ይበልጥ ያስገርማል። በ2015 አንድ የአካባቢው የደን ሠራተኛ ተመራማሪዎቹ የሰበሰቡትን የሸክላ ስብርባሪ ባየ ጊዜ እንዲህ ያለው በራሱ ግቢም እንዳለ ነገራቸው። ሄደው ሲያዩ ሰውየው ቤቱን የሠራው በጥንታዊ ምሽግ ላይ ሆኖ ተገኘ። ቦታዋ ቱጉንቡላቅ ትባላለች፤ ከታሽቡላቅ የምትርቀው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ችግሩ ስፋቷ ነበር። ግንቦቹ ፈርሰው፣ አፈርና ሣር ለብሰው፣ ጉብታ ብቻ ሆነዋል። አጠገባቸው የቆመ ሰው የሚያየው እብጠትና ጎድጓዳ መሬት እንጂ ከተማ አይደለም። ቡድኑ በ2022 የሌዘር መለኪያ የተገጠመለት ድሮን አበረረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ታሽቡላቅ 12 ሄክታር ያህል ስትሆን ቱጉንቡላቅ 120 ሄክታር ያህል ሆና ተገኘች። በካርታው ላይ ከ300 በላይ ግንባታዎች፣ አደባባዮች፣ መንገዶችና ምሽጎች ታዩ። ከ6ኛው እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው የኖረባት ትልቅ ከተማ ነበረች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ድሮኑ ያላደረገውንም እንይ። የመጀመሪያውን ጥቆማ የሰጠው ድሮኑ አይደለም፤ ግቢውን የሚያውቅ ሰው ነው። ግንባታዎቹ በየትኛው ዘመን እንደተሠሩ፣ ማን እንደኖረባቸው፣ ምን እንደተሠራባቸውም ድሮኑ አልተናገረም። ለዚያ መቆፈር አስፈልጓል። በአንድ የተመሸገ ሕንጻ ውስጥ ሲቆፈር የብረት ሥራን የሚጠቁም ማስረጃ ተገኘ። በታሽቡላቅም ቢሆን የሟቾቹን እምነት ያሳወቀው ከላይ የተነሳ ምስል ሳይሆን ቁፋሮ ነው።

ድሮን እንዴት ይለካል?

ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በፎቶ መለካት ነው፤ ፎቶግራሜትሪ ይባላል። አንድ ዓይናችንን ጨፍነን መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ብንሞክር ይቸግረናል፤ ርቀትን በደንብ የምንለየው በሁለት ዓይን ስናይ ነውና። ድሮኑም በአንድ ካሜራ ይህንኑ ያደርጋል። እየበረረ ተደራራቢ ፎቶዎችን ስለሚያነሳ አንድ ድንጋይ በብዙ ፎቶዎች ላይ ከተለያየ አቅጣጫ ይታያል። ሶፍትዌሩ ያንኑ ድንጋይ በየፎቶው ፈልጎ ያገኛል፤ ከዚያም ካሜራው እያንዳንዱን ፎቶ ሲያነሳ የት እንደነበረና ድንጋዩ የት እንዳለ አንድ ላይ ያሰላል። ይህ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ነጥቦች ሲደረግ የመሬቱ ቅርጽ ይወጣል።

ወረቀት ላይ ያሰላነውን እናካፍላችሁ። 20 ሜጋፒክስል የሆነ፣ የሴንሰሩ ስፋት 13.2 ሚሊ ሜትር፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 8.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ 100 ሜትር ከፍታ ላይ ቢወጣ አንድ ፎቶ በመሬት ላይ 150 በ100 ሜትር ይሸፍናል። አንዲት ፒክስል 2.7 ሴንቲ ሜትር መሬት ትወክላለች ማለት ነው። ፎቶዎቹ በበረራው አቅጣጫ 80 በመቶ፣ በጎን ደግሞ 70 በመቶ እንዲደራረቡ ከፈለግን በየ20 ሜትሩ አንድ ፎቶ እናነሳለን፤ የበረራ መስመሮቹም በ45 ሜትር ይራራቃሉ። ታሽቡላቅን የሚያህል 12 ሄክታር ቦታ 400 በ300 ሜትር ነው ብንል 8 መስመሮችና 168 ፎቶዎች ይበቁታል። ድሮኑ በሰከንድ 8 ሜትር ቢበር ከነመዞሪያው አስር ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል።

ይህንኑ ቦታ በቶታል ስቴሽን በየ5 ሜትሩ ነጥብ እየወሰድን ብንቀይሰው 4,800 ነጥብ ይሆናል። ለአንድ ነጥብ ግማሽ ደቂቃ ብንሰጥ እንኳ 40 ሰዓት ነው፤ የአንድ ሳምንት ሥራ። እንዲያም ሆኖ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ በሁለት ነጥቦች መካከል ሊያመልጠን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ላይዳር ይባላል፤ በቱጉንቡላቅ የተሠራበትም ይኸው ነው። መሣሪያው የሌዘር ብርሃን ወደ መሬት ይልክና ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጉዞው ደርሶ መልስ ስለሆነ አንድ ናኖሰከንድ ማለት 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው። በዚህ ላይ ድሮኑ በዚያች ቅጽበት የት እንደነበረና ወዴት እንዳዘነበለ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ የሳተላይት መቀበያና የእንቅስቃሴ መለኪያ አብረው ይሠራሉ። ላይዳር ከፎቶ የሚለይበት ትልቁ ጥቅም ከሚላኩት ጨረሮች አንዳንዶቹ በቅጠልና በሣር መካከል አልፈው መሬት መድረሳቸው ነው። ሶፍትዌሩ ዕፅዋቱን የመታውን ነጥብ ለይቶ ያስወግድና እርቃኑን የቀረውን መሬት ያሳያል።

ከዚያም ባለሙያው በኮምፒውተሩ ላይ ሰው ሠራሽ ፀሐይ ያወጣል። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ትንሿ ጉብታ እንኳ ረጅም ጥላ እንደምትጥል ሁላችንም አይተናል። ካርታው ላይም ብርሃኑን ከምሥራቅም ከምዕራብም እያዞሩ በጎን ሲያበሩበት፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው የማይለየው የግንብ መስመር ጥላ ጥሎ ይወጣል።

ስህተት እንዴት ይታወቃል?

አስር ደቂቃ በረራ ካርታ አይሆንም። በስሌቱ ውስጥ የተጠራቀመ ትንሽ ስህተት ሜዳውን እንደ ትሪ ጎድጎድ፣ ወይም እንደ ምጣድ አክንባሎ ጎበጥ አድርጎ ሊያሳየን ይችላል። ምስሉ ያምራል፤ ልኩ ግን ስህተት ነው። ስለዚህ ከበረራው በፊት በቦታው ዙሪያና መሐል ላይ ምልክቶች ይዘረጋሉ፤ የእያንዳንዱ ምልክት መሐል በትክክለኛ መሣሪያ ይለካል። ከምልክቶቹ የተወሰኑት ለሶፍትዌሩ ይሰጣሉ። የተቀሩት ደግሞ ሆን ተብሎ ይደበቁበታል፤ መጨረሻ ላይ መፈተኛ ናቸው። ሶፍትዌሩ ለእነዚያ ነጥቦች ያወጣው ልክ መሬት ላይ ከተለካው ጋር ካልተቀራረበ ካርታው ወድቋል።

የልኬቱ መነሻም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የቆዩት የሀገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ሁለቱን ሳይለዩ ማደባለቅ አንድን ቦታ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ሊያዛንፈው ይችላል። መስጂዱን ከወንዙ ማዶ ልናስቀምጠው እንችላለን ማለት ነው!

ይህን የጻፍነው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ሁለታችን ወሎ ውስጥ በአንድ ገጠር ፈቃድ ይዞ ለሚሠራ የቅየሳ ቡድን ምልክት ተሸካሚ ሆነን ነበር። ቦታው የፈረሰ አሮጌ መስጂድና የድሮ ሰፈር ፍርስራሽ ያለበት ኮረብታ ነው። የመጀመሪያው ቀን ድሮኑ ድምፅ አሰምቶ ሲነሳ አንዲት እናት ልጆቿን ጠርታ ቤት አስገባችና በሩን ዘጋች። ሁላችንም ደነገጥን። ፈቃዱ የተገኘው ከቢሮ ነበር፤ ለመንደሩ ግን በቅጡ የነገረው ሰው አልነበረም። የቡድኑ መሪ ያን ቀን ሥራውን አቆመ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ቡና ተፈልቶ፣ ምን እንደምንሠራ ተብራራ፤ ልጆቹም ማሽኑን በእጃቸው ነክተው አዩት። ከዚያ በኋላ ነው በረራው የተጀመረው።

ሌላው ስህተት የራሳችን ነው። ምልክቶቹን ስንመዘግብ ከሁለታችን አንዱ የ3ኛውንና የ4ኛውን ቁጥር አቀያየረ። ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ስህተቱ በአስር ሜትሮች ሆኖ ሲወጣ ላብ በላብ ሆንን። መፈተኛ ነጥቦቹ ባይኖሩ ምን ይፈጠር እንደነበር መሪው ነገሩን፤ አልተቆጡንም፤ እኛ ግን እስካሁን አልረሳነውም።

ትልቁ ትምህርት የመጣው በመጨረሻው ቀን ነው። የታተመውን ካርታ ይዘን ኮረብታውን ከአንድ አዛውንት ጋር ዞርን። በካርታው ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይ ረጅም መስመር ነበር፤ እኛ «የጥንት ግንብ» ብለን በቀይ አስምረንበታል። አዛውንቱ አይተው ሳቁ። «አብሽሩ ልጆቼ፣ እሱስ እኔና አባቴ የሠራነው እርከን ነው» አሉን። ትንሽ ሄድ እንዳልን ደግሞ ምንም ምልክት ያላደረግንበት የድንጋይ ክምር አጠገብ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። «እዚህጋ ግን አትርገጡ፤ ቀብር ነው።» የማን እንደሆነ ስንጠይቃቸው የአባታቸው አባት ጭምር «የሸኾቹ ቀብር» እያሉ ያሳዩዋቸው እንደነበር ነገሩን። ከሰማይ ያየነው ግንብ ግንብ አልነበረም፤ ድንጋይ ብለን ያለፍነው ደግሞ የሰው ማረፊያ ነበር። ካርታው ያን ቀን ታረመ።

ካርታ አማና ነው

በእስልምና ሙስሊም ከሞተ በኋላም ክብር እንዳለው፣ ቀብር ላይ መቀመጥም ሆነ ቀብርን መርገጥ ክልክል እንደሆነ ተምረናል። በዚህ በኩል ድሮን መልካም ነገር አለው፤ አንዲት ድንጋይ ሳትነካ፣ አንድ ቀብር ሳይረገጥ የመቃብር ቦታን መለካት ያስችላል። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ የት ምን እንዳለ አጥርቶ የሚያሳይ ካርታ ለሌባም መንገድ ያሳያል።

በዮርዳኖስ ከሙት ባሕር ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ፊፋ የሚባል 5,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የመቃብር ቦታ አለ። ዘራፊዎች ሸክላዎቹን ለመሸጥ መቃብሮቹን እየቆፈሩ ቦታውን በጉድጓድ ሞልተውታል። ሞራግ ከርሰልና ኦስቲን ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች ከ2013 ጀምሮ ቦታውን በድሮን ደጋግመው ቀይሰዋል። የአንዱ ዓመት ካርታ ከሌላው ሲነጻጸር በመካከሉ የተቆፈረው አዲስ ጉድጓድ ይለያል፤ ዝርፊያው መቀጠል አለመቀጠሉም በግምት ሳይሆን በመረጃ ይታወቃል። ጠባቂ የማይደርስበትን ቦታ ካርታው ይከታተለዋል። ያው ዝርዝር ካርታ ለሁሉም ክፍት ቢሆን ግን ለቀጣዩ ዘራፊ በጠቀመ ነበር። ጥንቃቄ ያላቸው ባለሙያዎች ያልተጠበቁ ቦታዎችን ትክክለኛ መገኛ ለሕዝብ ይፋ የማያደርጉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ የቅርስ ካርታ ሲሠራ ቢያንስ ሦስት ባለመብቶች ይኖራሉ፤ በሥፍራው የሚኖሩ ሰዎች፣ እዚያ የተቀበሩት፣ ገና ያልተወለዱትም። ሦስቱም በእኛ ላይ አማና አላቸው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው ሐርላ ገበሬዎች ለዓመታት ሸክላና የቻይና ሳንቲም ሳይቀር ከመሬት ያገኙ ነበር፤ ትልልቆቹን ድንጋዮች ያዩ ሰዎች ቦታው የግዙፍ ሰዎች መኖሪያ ነበር ይላሉ። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቁፋሮ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጂድ፣ የሙስሊም መቃብሮችና ከሕንድ፣ ከየመን፣ ከግብፅና ከቻይና ጋር የነበረውን ንግድ የሚያሳዩ ቁሶች አወጣ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆነ። እዚህም እንደ ቱጉንቡላቁ የደን ሠራተኛ ሁሉ፣ ቀድሞ ያወቀው በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት በነጋሽ የሚገኘው የአል-ነጃሺ መስጂድ ሲጎዳ ስንቶቻችን አዝነናል! እንዲህ ያለ ቤት ሲጎዳ ጥገናው የሚጀምረው «ቀድሞ ምን ይመስል ነበር?» ከሚል ጥያቄ ነው። የሚንራው ቁመት፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የድንጋዩ አደራደር ቀድሞ ተለክቶ ከተቀመጠ መልሱ ቀላል ይሆናል። ካልተለካ የሚቀረው ትዝታና ጥቂት ፎቶ ነው። ጉዳት ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም፤ ልኬቱ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? መጀመሪያ ማድረግ የሌለብንን እንናገር። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም። በራስ ተነሳሽነት መቆፈርም እንዲሁ፤ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ፍለጋ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። በየአካባቢያችን ያለው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚኖረው ለዚህ ነው።

ከዚያ በመለስ ያለው ሥራ ግን ብዙ ነው፤ ድሮንም አይጠይቅም። የሲቪል ምህንድስናና የቅየሳ ተማሪዎች የልኬት መነሻንና የስህተት ፍተሻን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለሥራ እንማረው። የኮምፒውተር ተማሪዎች ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነፃ የካርታ ሶፍትዌር በትርፍ ጊዜያቸው ሊለማመዱ ይችላሉ። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የአዛውንቶችን ቃል መቅዳትና በሥርዓት ማስቀመጥ ያውቃሉ። ሁላችንም ደግሞ ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ የድሮው መስጂድ የት ነበር? ደረሳዎች የሚቀሩት የት ነበር? ያ ኮረብታ ለምን በዚያ ስም ተጠራ? የነገሩንን ስማቸውንና ቀኑን ጨምረን እንጻፍ። ፎቶ ስናነሳ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ሜትር እናስቀምጥ፤ የቦታውን መገኛ ግን በቴሌግራም አንበትን።

በወሎ ያገኘናቸው አዛውንት ስንሰናበታቸው ካርታው ላይ የሸኾቹን ቀብር የሚያሳየውን ምልክት በጣታቸው እየነኩ ቆዩና «እኔ ስሄድ ይህ እዚህ ይቀራል?» ብለው ጠየቁን። ይቀራል አልናቸው። እንግዲህ ቃል ሰጥተናል። ድሮን የሌለበት፣ ቀያሽ ያልደረሰበት ስንት ኮረብታ አለ፤ በየኮረብታው ሥርም የሚያውቁትን ለመናገር ጠያቂ የሚጠብቁ ስንት አባቶችና እናቶች አሉ። የእነሱ ዕድሜ ከማለቁ በፊት እንድንደርስ አላህ ይወፍቀን፤ ዒልማችንንም ጠቃሚ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።